በእጅ የሚሠራው የአፈር ብሎኬት ማሽን፦ ከአራት ክረምት በኋላ

ኅዳር 2014 ላይ ጅማ ለእናቴ ሦስት ክፍል ቤት ሠራን። ግድግዳው ከራሷ ግቢ በወጣ አፈር ነው የተሠራው። ጭቃ ቤት አይደለም፣ የሲሚንቶ ብሎኬትም አይደለም። አፈሩን በማሽን እየጨመቅን ብሎኬት አወጣንበት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ አራት ክረምት አሳልፏል። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ብዙ ሰው በስልክ ስለሚጠይቀኝም ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ማሽኑ በጣም ቀላል ነው። የብረት ሳጥን አለው፣ ክዳን አለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ እጀታ አለው። በቃ። መብራት አይፈልግም፣ ናፍጣ አይፈልግም። እርጥብ አፈርና ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ እጀታው በአንድ በኩል ወደ ታች ይሳባል፣ ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ እጀታው በሌላ በኩል ሲወርድ ብሎኬቱ ከሳጥኑ ብቅ ይላል። ልክ ዳቦ ከመጋገሪያው ሲወጣ እንደማለት። እሳት ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ማገዶ የለበትም። የእኛ 29 በ14 በ9 ሳንቲ ሜትር የሚያወጣ ነበር፣ አንዱ ሲደርቅ 7 ኪሎ ይሆናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ የተሠራው ኮሎምቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፣ ራውል ራሚሬዝ የሚባል ቺሊያዊ መሐንዲስ ነው የሠራው፣ ሲንቫ ራም ይሉታል። እኛ የተከራየነው የእሱን ንድፍ ተከትሎ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የበየደው ነው። ብየዳው ጠንካራ ነበር፣ ሥራው እስኪያልቅ አልከዳንም። የእጀታው መዞሪያ ላይ ያለው ፒን ብቻ በየሦስት ቀኑ ግሪስ ካላገኘ ይጮሃል፣ ይከብዳልም።

እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ አልወደደችውም። 30 ዓመት የኖረችው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ መለቅለቅ። ምስጥ ቋሚዎቹን ከሥር በልቶ ጨርሷቸው ነበር፣ አንደኛው ግድግዳ ወደ ኩሽና አዘንብሎ በድጋፍ ነው የቆመው። እና ልጆቿ ተሰብስበን አዲስ ቤት ልንሠራልሽ ነው ስንላት ደስ ብሏት ሳያበቃ የአፈር መሆኑን ሰማች። «አንተ፣ ከጭቃ አውጥተህ መልሰህ ጭቃ ልታስገባኝ ነው?» አለችኝ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። በአገራችን አፈር የድህነት ምልክት ተደርጎ ነው የሚታየው፣ ብሎኬት ደግሞ ያለፈለት ሰው ቤት ነው። ብዙ ሰው ይህን ማሽን የማይሞክረው በዋጋው ወይም በጥንካሬው አይደለም፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ነው። አልፈርድበትም። እናቴንም በክርክር አላሳመንኳትም። የሆነውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ችግሩ። ማሽኑን ያከራየን ሰው «ማንኛውም አፈር ይሆናል» ብሎን ነበር። አይሆንም። በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን 400 ብሎኬት አወጣን። ቆንጆ ነበሩ፣ ጠርዛቸው እንደ ሳሙና ስለታም። ፀሐይ ላይ ደረደርናቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንመጣ ከግማሽ በላዩ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ወጥቶበታል፣ አንዳንዱን በሁለት እጅ ሲያነሱት ለሁለት ይከፈላል። 4 ከረጢት ሲሚንቶ ባከነ ማለት ነው። የዚያን ቀን ያበሳጨኝን ያህል ምንም አበሳጭቶኝ አያውቅም። አልጣልናቸውም፣ ቀጥቅጠን ወለሉ ሥር ሞላናቸው። ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሥራውን አቆምን።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛ የጅማ ቀይ አፈር ሸክላው ይበዛል። ሸክላ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ ሲሚንቶ የገባበትን ነገር ፀሐይ ላይ ማስጣት ስህተት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ሲያገኝ ነው፣ ሲደርቅ አይደለም። ይህን ማንም ግንበኛ ያውቃል፣ አፈር ስለሆነ ግን ሁላችንም እንደ ሸክላ ድስት ነው ያየነው።

አንድ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ የሆነ የአጎቴ ልጅ መጥቶ ሁለት ፈተና አሳየን። ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራቸው ይችላል። አንደኛው የጠርሙስ ፈተና ነው። የማርማላታ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን አፈር ትሞሉታላችሁ፣ ውሃ እስከ አፉ፣ ቆንጠር ጨው፣ ከዚያ ጥሩ አድርጎ መናጥና ማስቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሸክላው ከሁሉ በላይ በማግስቱ ይተኛል። በማስመሪያ ትለኩታላችሁ። ጥሩ የሚባለው ከግማሽ በላይ አሸዋ ያለው፣ ሸክላው ከአምስት አንድ እጅ አካባቢ የሆነ ነው። የእኛ ግማሽ ለግማሽ ሸክላ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የሳጥን ፈተና ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ይኼ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 በ4 የሆነ የእንጨት ሳጥን ታሠራላችሁ፣ አናጺ በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል። ውስጡን ዘይት ቀብታችሁ እርጥብ አፈር ትጠቀጥቁበታላችሁ፣ ጥላ ሥር ለሳምንት ያህል ይደርቃል። ከዚያ ደርቆ የተሸበሸበውን አፈር ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ ባዶ የቀረውን ቦታ መለካት ነው። ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ 18 እጅ አፈር ለ1 እጅ ሲሚንቶ ይበቃል። እስከ 3 ከሆነ 16 ለ1። እስከ 4.5 ከሆነ 14 ለ1። እስከ 6 ከሆነ 12 ለ1። ከዚያ በላይ ከሆነ ሲሚንቶ ከመጨመር አሸዋ መጨመር ይሻላል። የእኛ 7 መጣ። አሸዋ ጅማ ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ ስለዚህ ከድንጋይ ወፍጮ ዜሮ ዜሮ የሚሉትን ደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ አስመጥተን ቀላቀልንበት። ከዚያ በኋላ 2.5 ሆነ። 16 ለ1 ገባን ማለት ነው። ሸክላው በጣም ለበዛበት አፈር ኖራም ይሠራል፣ እንዲያውም ከሲሚንቶ የተሻለ ነው፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ውሃውንም በዓይን አትገምቱ። ድብልቁን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉትና ከደረት ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል፣ እንደ ሊጥ ከተንጣለለ ውሃ በዝቷል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ከሳምንት በኋላ ሳይጥለው በመዳፉ ብቻ ያውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያወጣናቸው ብሎኬቶች ሌላ ነገር ናቸው። ጥላ ሥር ደረደርናቸው፣ በላስቲክ ሸፈንናቸው፣ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣናቸው፣ ከዚያ እስከ 28 ቀን ተውናቸው። እናቴ በየጠዋቱ ላስቲኩን ገልጣ ታያቸው ጀመር። አንድ ቀን አንዱን ብሎኬት አንስታ በቁልፏ መታችው። ድምፁ ድፍን አይደለም፣ እንደ ገል ጠንከር ያለ «ጥርን» ነው። አንዴ ደገመችው። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ሄዳ ለሠራተኞቹ ቡና አፈላች። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ጭቃ አላነሳችም።

ስለ ጉልበቱ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ሁለት ሰው ፈገግ ብሎ እጀታ ሲስብ ነው። የእኛ 6 ሰው ነበር። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ በወንፊት ይነፋል፣ ሁለቱ ይቀላቅላሉ፣ ሁለቱ ማሽኑ ላይ ናቸው። መጀመሪያ በቀን 200 አካባቢ ነበር የምናወጣው፣ እጃቸው ሲፈታ 350 ደረሰ። ለቤቱ 3,000 ብሎኬት ፈለግን። በጠንካራ ሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ጓደኞቼ፣ ይህ ሥራ ጀርባ ይበላል። የቀን ሠራተኛውን ክፍያ እንደ ተራ ቁፋሮ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ወጪውስ? ብር ብነግራችሁ በወሩ ይለወጣል፣ ስለዚህ በከረጢት ልቁጠርላችሁ። በ16 ለ1 ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 100 አካባቢ ብሎኬት አወጣን። ለ3,000 ብሎኬት 30 ከረጢት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ያንኑ ግድግዳ በተለመደው ባዶ ብሎኬት፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነው የሲሚንቶ ብሎኬት ብንሠራው 1,100 ያህል ይበቃን ነበር፣ የሰፈራችን ብሎኬት አምራቾች ደግሞ ከአንድ ከረጢት 35 ገደማ ያወጣሉ። ያው 31፣ 32 ከረጢት መጣ። ስለዚህ የአፈሩን ብሎኬት ከሲሚንቶው ብሎኬት ጋር ብቻ ካወዳደራችሁት «ሲሚንቶ በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም።

ቁጠባው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ልስን ላይ። ባዶ ብሎኬት በውስጥም በውጭም ሳይለሰን አይኖርበትም። የአፈር ብሎኬት ግን ፊቱ ራሱ ያለቀ ነው። ውስጡን ቀጭን የአፈርና የኖራ ቅብ ቀባነው፣ ውጩን እንዳለ ተውነው። ግንበኛችን እንደቆጠረው ከ30 ከረጢት በላይ የልስን ሲሚንቶ ቀረልን። አሸዋውም፣ የለሳኙ የእጅ ዋጋም አብሮ ቀረ። የማጓጓዣም አለ፣ ለግድግዳው ከሲሚንቶና ከዜሮ ዜሮ በስተቀር በመኪና የመጣ ነገር የለም። ብሎኬቱን ያያያዝነውም በዚያው አፈር ነው፣ ሲሚንቶውን ትንሽ ከፍ አድርገን። በ2014 ሲሚንቶ በወረፋና በልመና በሚገኝበት ወቅት ሌላው ቤት ቆሞ የእኛ ማለቁ በዚህ ነው።

መሠረቱ ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልቆጠብንም፣ እናንተም አትቆጥቡ። የድንጋይ ግንብ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግን፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ለእርጥበት፣ ከዚያ ነው የመጀመሪያው ረድፍ የተጀመረው። ከመስኮትና ከበር በላይ ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ትራቭ በፌሮ አለ። የጣራው ክፈፍ ደግሞ ከግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። አናጺው «ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ለምን?» ብሎ ተከራክሮን ነበር። ክረምቱ መለሰለት። ሰሜኑ ግድግዳ ዛሬም የማሽኑ ጠርዝ ይታይበታል። በአንድ ማዕዘን ብቻ አሸንዳው ተቀዶ ለአንድ ክረምት ሙሉ ውሃ እዚያው ላይ ሲወርድ እናቴ አልነገረችንም፣ ሁለት ረድፍ ያህል ጣት የሚያስገባ ተቦርቡሯል። አሸንዳውን ቀየርን፣ በዚያው አፈር ሞላነው። አፈር ዝናብ ይችላል፣ ዘወትር የሚወርድ ውሃ ግን አይችልም።

ሙቀቱን በተመለከተ የማጋነን ሐሳብ የለኝም። ውጩ የጅማ የየካቲት ቀትር ሆኖ ውስጡ ሲገቡ ቀዝቀዝ ይላል፣ ማታ ደግሞ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ቀስ እያለ ይሰጣል። ጭቃ ቤትም እንዲሁ ነበር፣ እናቴ በብሎኬት ቤት ከሚኖሩት ጎረቤቶቿ የምትለየው በዚህ ነው። ግን 14 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ሥራውን የሚሠራው ጣራው ነው። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ምድጃ ይሆናል፣ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ራሳችሁ ነው። እኛ ኮርኒስ አበጅተን ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል አየር ከጎን እንዲያልፍ ወንፊት ያለበት ክፍተት ተውን።

ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከቡርኪና ፋሶ ነው። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ የሚባለው አርክቴክት በተወለደባት ጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው ትምህርት ቤት አለ። ግድግዳው ሲሚንቶ የገባበት የአፈር ብሎኬት ነው፣ የሠራው የመንደሩ ሰው ነው። ቆርቆሮው ክፍሉ ላይ አልተጫነም፣ በብረት ተሰቅሎ ከፍ ብሎ እንደ ጃንጥላ ተንሳፍፏል፣ ከሥሩ ያለው የአፈር ጣሪያ ቀዳዳ አለው፣ ትኩስ አየር በዚያ ወጥቶ ይሄዳል። ያለ ማራገቢያ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። እህቴ አስተማሪ ናት። ክፍሏ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፣ ኮርኒስ የለውም፣ ዝናቡ ሲጀምር ማስተማር ታቆማለች፣ ልጆቹ አይሰሟትማ። ከቀትር በኋላ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት በሙቀት ይተኛሉ። የጋንዶን ፎቶ ሳሳያት ስለ ግድግዳው አልጠየቀችኝም፣ «ዝናቡ ይሰማል?» ነው ያለችኝ።

የማልወዳቸውን ልንገራችሁ። ሚስማር መምታት ችግር ነው። መደርደሪያ የሚሰቀልበትን ቦታ ግድግዳው ሲገነባ እንጨት ማስገባት ነበረብን፣ አላሰብነውም። የመብራት ቱቦም እንዲሁ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሊቀብር ሲቆፍር ሦስት ብሎኬት ፈነቀለ፣ በመጨረሻ በግድግዳው ላይ በግልጽ አስኬድነው። ግንበኛ ማግኘትም ቀላል አይደለም፣ መገጣጠሚያው ቀጭን ስለሆነ ቱንቢና ውሃ ልክ በየረድፉ ይፈልጋል፣ ጭቃ ያለው ቤት ነው ብሎ የሚያቀልለው ሰው ግድግዳውን ያጣምመዋል። የግንባታ ፈቃድ ሊሰጠን የመጣው ባለሙያ ደግሞ በቅጹ ላይ «ጭቃ» ወይም «ብሎኬት» እንጂ ሌላ ምርጫ የለም ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶናል። ይህ ያሳዝነኛል። አዲስ አበባ ልደታ ያለው የአርክቴክቸርና ግንባታ ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2003 ገደማ ከአፈር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግቢው ውስጥ ሠርቶ አሳይቷል። ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ፣ ቅጹ ላይ አልደረሰም።

ለማን ይሆናል? ግቢው ሰፊ ለሆነ፣ ፎቅ የሌለው ቤት ለሚሠራ፣ ቢያንስ ሁለት ወር ለመጠበቅ ለሚችል ሰው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ። መረሬ አፈር ባለበት አካባቢ አትሞክሩት፣ ጥቁሩ አፈር ሲያብጥና ሲሰነጠቅ መሠረቱን ራሱን ያንቀሳቅሰዋል፣ ወይ ከሌላ ቦታ አፈር ማምጣት ነው፣ ያኔ ርካሽነቱ ቀረ። ስምጥ ሸለቆው አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሆነውን የመሬት መንቀጥቀጥ አይታችኋል፣ እዚያ ያለ መሐንዲስ ያለ ፌሮ አፈርም ብሎኬትም መደርደር ሰው ላይ መፍረድ ነው። አቅም ያላቸው ማኅበራት ከተጋገዙ በናፍጣ የሚሠራውን፣ ብሎኬቱ እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን የደቡብ አፍሪካውን ሃይድራፎርም ቢያዩ ይሻላል፣ ፈጣን ነው፣ ማያያዣም ይቆጥባል። ለአንድ ቤት ግን የእጁ በቂ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ማሽኑን ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ብሎኬቱን፣ በትክክል ከተሠራ፣ 5። ያከራየንን ሰው ምክር 1።

አሁን የእህቴ ትምህርት ቤት ወላጆች ሁለት ክፍል ሊሠሩ አስበው በሚቀጥለው ኅዳር ማሽኑን ሊከራዩ ነው። ባለፈው እሁድ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ከሦስት ቦታ ጉድጓድ አስቆፍረን አፈር አመጣን፣ ላይኛውን ሥር ያለበትን ትተን ከግማሽ ሜትር በታች ያለውን። ሦስት ጠርሙስ እናቴ መስኮት ላይ ተደርድሯል። ሁለቱ ሸክላቸው በዝቷል። ሦስተኛው፣ ከኳስ ሜዳው ጥግ የመጣው፣ አሸዋው ከግማሽ አልፏል፣ እናቴ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ለክታው ደውላ ነግራኛለች። ሳጥኑን ዛሬ ሞልተነዋል።